ድምፁ ሄደ፣ ምስሉ ቀረ

ሲንጋፖር፣ ጃንዋሪ 17 ቀን 2010 እ.ኤ.አ.

ለውድ ታላቅ እህቴ ለማናንግ ፔርላ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ አንቺም፣ ባለቤትሽ ዶሚንግም፣ ልጄ አይዛም በጤና እንድትቆዩኝ የከተማችንን የጊምባልን ጠባቂ ቅዱስ ኒኮላስ እማጸናለሁ። እኔ ከምጦራቸው ሽማግሌዎች ጋር ደህና ነኝ። ዛሬ አንዷ አሮጊት ሾርባዋን ደረቴ ላይ ደፋችው፤ ከዚህ የከፋ ነገር አልገጠመኝም።

ፈቃድ ከለከሉኝ። ለመንኩ፣ አለቀስኩ፣ አልሆነም። አዳራሹ ተይዞ፣ አሳማው ታዝዞ ቀን አይቀየርምና የአይዛ አሥራ ስምንተኛ ዓመት ልደት ያለ እኔ ይሁን። በእኔ ቦታ ይህን ካሜራ ልኬያለሁ። ከፍተኛ ጥራት የሚሉት ነው፤ ሻጩ በሱቁ ስክሪን ሲያሳየኝ የሴትየዋ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር። ዶሚንግ ይያዘው፤ የእሱ እጅ አይንቀጠቀጥም። ቀዩ መብራት አንዴ ከበራ በዓሉ እስኪያልቅ እንዳያጠፋው ንገሪልኝ። ተቆርጦ የተቀጠለ ነገር አልፈልግም፤ ሁሉንም ማየት አለብኝ።

ወንዶቹ በየተራ ጽጌረዳ እየሰጡ የሚያስጨፍሯትን እንዳሻችሁ አድርጉት። ሻማዎቹን ግን አደራ። ከአሥራ ስምንቱ ሻማ አሥራ ሰባቱን የሚያበሩትን ሴቶች አንቺ ምረጪ፤ እያንዳንዳቸው አብርተው የሚሉትን ይበሉላት። አሥራ ስምንተኛው የእናት ነው። እሱን ማንም እንዳይነካው፤ ሳይበራ ይቀመጥና መጥቼ ራሴ አበራዋለሁ።

አንድ ቅር የሚለኝ ነገርም አለ። አይዛ በስልክ አንቺን «ናናይ» ስትልሽ እሰማለሁ፤ እኔን «ማማ» ትለኛለች። ሁለቱም እናት ማለት መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን አንደኛው ቤት ውስጥ የሚውል ቃል ነው፤ ሌላኛው እኔ እንደምልከው ዕቃ በሣጥን ታሽጎ የሚመጣ። አሁን ትልቅ ሴት ሆናለችና እንግዳ ፊት እንኳ «ቲያ ፔርላ» ብትልሽ ምን ይመስልሻል? አክስት መባል ነውር የለውም።

በረከትሽ ይድረሰኝ።
ታናሽሽ ኔልዳ

---

ጊምባል፣ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2010

ለእህቴ ለኔልዳ፣

በሄድሽበት የሰው ፊት ይስጥሽ፤ ሾርባውም ሳይሞቅ ይደፋብሽ። እኛ ደህና ነን።

በዓሉ አለፈ። የጠገበው አመሰገነ፣ ያልጠገበው አማ፤ ጎረቤታችን ናይ ቶንያ ሁለቱንም አደረገች። ሙሉው ጥብስ አሳማ ቆዳው ሲሰበር ድምፁ እስከ መንገድ ይሰማ ነበር። ልጅቱ በነጭ ቀሚሷ ስትገባ እኔ ራሴ፣ ቀሚሱን የለካሁትና ያጠበብኩት፣ ማን ናት ብዬ አየኋት።

ዶሚንግ ካሜራውን እንደ ሥጋ ወደሙ ነው የያዘው። በላዩ ያለውን ላስቲክ ሊልጥ ሲል ከለከልኩት፤ አዲስ ዕቃ በላስቲኩ ነው የሚያምረው። ማስቀመጫም በኪሮሽ ሠርቼለታለሁ፤ አንቺ ለላክሽው ኮምፒውተር ከሠራሁለት ልብስ ጋር ቀለሙ አንድ ነው፣ ዙሪያውን ዘርፍ አለው።

ካሜራው ያነሣው እንዳለ አይታይም። ኮምፒውተሩ ሲያጫውተው ይንገዳገዳል፤ ድምፁ ይሄዳል፣ ምስሉ ይቀራል። ስለዚህ ኢንተርኔት ቤት ወስጄ አሳንሼ ሲዲ ላይ አስገልብጬልሻለሁ።

«ቲያ» ያልሽውን ነገርኳት። ሳቀች። «ናናይ፣ ቲያ ልበልሽ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሻማሽ ሳይበራ ተቀምጧል።

ቅዱስ ኒኮላስ ከክፉ ይሠውርሽ።
ፔርላ

---

ሲንጋፖር፣ ማርች 21 ቀን 2010

ለማናንግ ፔርላ፣

እንደምን ከረማችሁ? የጾሙ ወራት በረከቱ ይድረሳችሁ።

ሲዲውን ከጁቪ ጋር አየነው። ጁቪ ክፍል የምትጋራኝ የባኮሎድ ልጅ ናት፤ አገር ቤት ሳለች ሠርግ ትቀርጽ ነበር። «አሳነስኩት» ያልሽው ፊልሙን መስሎኝ ነበር፤ ለካ ልጄን ነው ያሳነስሽው። ፊቷ ጉም ያዘለ መስተዋት ውስጥ ያለች ይመስላል። አፍንጫዋ የኔ ነው ወይስ የአባቷ ብዬ ላይ ብፈልግ አፍንጫ የሚባል ነገር አጣሁ። ለዚህ ነው ያንን ካሜራ የገዛሁት?

አንቺ ግን በጉሙም ውስጥ ትታያለሽ። ሰማያዊ ቀሚስሽ የሌለበት ቦታ የለም። ፀጉሯን ታቃኛለሽ፣ ላቧን ትጠርጊያለሽ፣ ኬኩን ታጎርሻታለሽ። እኔ የላክኋቸው ጫማዎች አንዴም አልታዩ። እግር አልነበራትም እንዴ የዚያን ዕለት?

ሌላም አለ። አሥራ ሰባተኛዋ ሴት አብርታ ትወርዳለች፤ ወዲያው ኬክ ይቆረጣል። በመሀል ምን ሆነ? ሳይበራ የተቀመጠ ሻማ መቀመጡ እንኳ መታየት ነበረበት። ያልተቆረጠውን ላኪልኝ። ፊልሙ ያለበትን ካርድ ከካሜራው አውጥተሽ ላኪው፤ እዚህ አጫውተዋለሁ።

አክባሪሽ ኔልዳ

---

ጊምባል፣ ሜይ 9 ቀን 2010

ለኔልዳ፣

እንደምን አለሽ? የዘገየሁት ዶሚንግ ወገቡን ታሞ ነው፤ ሙቀቱም እጅ ያስራል። ፋሲካን ግን በደህና ውለናል።

ካርዱን ከመላኬ በፊት እዚሁ ይሠራልኝ እንደሆነ ስታገል ነው የከረምኩት። የማታውቂው ነገር ስለሆነ ልንገርሽ። አይዛ ልትጨፍር አንድ እግሯን ታነሣለች፤ በዚያው ትቀራለች። ዘፈኑ አልቆ ሰው ሲያጨበጭብ እሷ ገና መዞር ትጀምራለች። የካህኑ ቡራኬ ከበሉት አሳማ ኋላ ይመጣል። ሰፈሩ ፊልም አለ ተብሎ ሳሎኔን ሞልቶ ነበር። ናይ ቶንያ ሙዟን እያኘከች «ይሄ ነው እንዴ የሲንጋፖሩ? የኔ ልጅ ስልክ ይሻላል» አለችኝ። አይዛ ስቃ «ናይ ቶንያ፣ እርስዎም ሲሄዱ እንደዚሁ ነዎት» ባትልልኝ ኖሮ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ካሜራ ሲላክ የሚያጫውተውም አብሮ ይታሰባል፤ አለዚያ ፈረስ ያለ ልጓም ነው። አዲስ ኮምፒውተር መግዛት ካልሆነልሽ ሲዲው ይበቃል። ሰው መሆኗ ይታያል፣ ቆንጆ መሆኗ ይታያል። አፍንጫዋ የአንቺ ነው፤ እኔ በየቀኑ ስለማየው ልትጠይቂኝ ትችያለሽ።

ሰላም ሁኚ።
ፔርላ

---

ሲንጋፖር፣ ሜይ 23 ቀን 2010

ለማናንግ ፔርላ፣

ለዶሚንግ ወገብ የሚቀባ መድኃኒት በሚመለሱ ሰዎች እልካለሁ። እግዜር ይማረው።

በየቀኑ እንደምታዪው አውቃለሁ። ልትነግሪኝ አያስፈልግም ነበር።

ጁቪ አንድ ነገር ጠይቂያት አለችኝ፦ ያ የኪሮሽ ልብስ ኮምፒውተሩ ሲሠራ ይወልቃል ወይ? ማሽኑ በኋላው ነው የሚተነፍሰው፤ ከታፈነ ይግላል፣ ሲግል ይደክማል፣ ያኔ ምስሉን መሸከም ያቅተዋል ትላለች። እንዲህ ዓይነት ጥራት ያለው ምስል ለማሽን ከባድ ሥራ ነው አሉ።

ይሁንም አይሁንም ካርዱን ላኪ። ሌላ ወሬ አልጠየቅሁም። ለመሆኑ የኮሌጅ ዩኒፎርሟን ልታሰፋ ከማን ጋር ሄደች? ተይው፣ አትመልሺልኝ።

ኔልዳ

---

ጊምባል፣ ጁን 20 ቀን 2010

ለኔልዳ፣

እንደምን ሰነበትሽ? አይዛ ኢሎይሎ ከተማ ኮሌጅ ገባች። በየሳምንቱ መጨረሻ ትመጣለች፣ ልብሷን ይዛ፤ የማጥበው እኔ ነኝ።

ልብሱን አላወልቅም። አንቺ የላክሽውን ዕቃ እንዳይቆሽሽ ብዬ፣ ዓይኔ እስኪፈስ ሠርቼ ባለብሰው ጥፋተኛ ልሁን? ቴሌቪዥኑም ለብሷል፣ ቬንትሌተሩም ለብሷል፤ እነሱ መች ታፈንን አሉ? ካህኑ እንኳ ቤት ሊባርኩ መጥተው «ፔርላ፣ እጅሽ ይባረክ» ብለውኛል። ጁቪ የምትባለው ደግሞ ማናት ስለ ቤቴ የምታወራው? አሁን እሷ እህት ሆነችሽ?

ካርዱን በቢስኮቾ ብስኩት ከረጢት ውስጥ አድርጌ ልኬዋለሁ። ፍርፋሪውን አራግፊለት። እዚያም ይንገዳገዳል፤ ያኔ ፔርላ ዋሸች ማለት ታቆሚያለሽ።

ፔርላ

---

ሲንጋፖር፣ ጁላይ 4 ቀን 2010

ለፔርላ፣

እውነትሽን ነው፤ ተንገዳገደ። የኔ ላፕቶፕም አልቻለውም። ግን ድምፁ እንደማይንገዳገድ ረስተሽዋል።

አሥራ ሰባተኛዋ ሴት ስትወርድ ምስሉ ተያዘ። የአይዛ ክርን ብቻ፣ ነጭ ዳንቴል ያለበት፣ ስክሪኑን ሞልቶ ቆመ። በዚያ ጥራት ክር በክር ይታያል፤ ክርን! ድምፁ ግን ቀጠለ። የጫማሽን ኮቴ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ግራው ከበድ ይላል። ወደ መድረኩ ሄደ። «ልጄ» አልሽ። ክብሪት ተጫረ። ከዚያ አይዛ «ናናይ» አለች። ከዚያ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ሻማዬን አበራሽው። በሌለሁበት፣ ሰው ሁሉ እያየ። ሳይበራ ተቀምጧል ብለሽ ደግሞ ጻፍሽልኝ፤ ሲዲውን ስታስገለብጪም ቆረጥሽው።

ቀናሁ። እንዳልደብቀው ብዬ ቃሉን ራሱን እጽፈዋለሁ፦ ቀናሁ። ያን «ናናይ» ደጋግሜ ሰማሁት። እንደዚያ ባለ ድምፅ ጠርታኝ አታውቅም። እኔን ስትጠራኝ የስልክ ድምፅ ነው ያላት፤ ትክክል ተቀምጣ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ። ለአንቺ ግን እንደ ሕፃን ነው ያለችሽ። የሰው ገላ እያጠብኩ ያሳደግኋት ልጅ ናት፤ ድምፁ ለአንቺ ሄደ፣ ለእኔ ክርን ቀረኝ።

ጁቪ ምስሉን ከካርዱ ላይ ወደ ማሽኑ ሆድ ገልብጣ፣ ሌላ ማጫወቻ ጭና ታሳየኛለች፤ በዕረፍታችን ቀን ቃል ገብታልኛለች። ያኔ ስታበሪው ፊትሽ ምን ይመስል እንደነበር አየዋለሁ።

ኔልዳ

---

ጊምባል፣ ጁላይ 18 ቀን 2010

ኔልዳ፣

ዛሬ ሰላምታ የለኝም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ እኔ ሳልጠጣ ነው የማወጣው።

ሻማሽ አልበራም። ቁምሳጥን ውስጥ ነው፣ በመሐረብ ተጠቅልሎ። የጠቀለለችው እሷ ናት።

ላበራው ሄጄ ነበር፤ አዎ። ሴቶቹን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ራሴን አላስገባሁም። አይዛ «አንቺስ የታለሽ?» ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ዝም አለች። ሴት በሴት ላይ እየወጣች፣ የሰበካው ጸሐፊ ሳይቀሩ፣ በሕይወቷ ሁለቴ ያላዩዋት ሁሉ ምክር ሲለግሷት ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ አየሁ። በትኩሳት ስትቃጠል ማን ነበር? የመጀመሪያ ጥርሷን ጣራ ላይ የወረወረው ማን ነው? ተነሣሁ። እግሬ ወሰደኝ።

ክብሪቱን ጫርኩ። አይዛ እጄን ያዘችና እሳቱን እፍ አለችው። «ናናይ» አለች፤ እሱን ሰምተሻል። ቀጥሎ በጆሮዬ ያለችውን ካሜራሽ አልሰማውም፦ «ይሄ የማማ ነው።» ሰው የፕሮግራሙ አካል መስሎት አጨበጨበ። ሰው ማጨብጨብ ይወዳል። እኔም ፈገግ ብዬ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ።

ለዚህ ነው የቆረጥኩት። አንቺ ላይ ለመደበቅ ሳይሆን ራሴን ላለማየት ነው።

ቅናት አወቅሽ አሉ! አንቺ በዓል ነሽ ኔልዳ፣ እኔ አዘቦት ነኝ። ሣጥንሽ ሲመጣ ሳሙናውን ሳይቀር ታሸተዋለች፣ የማማ ሽታ ብላ። የኔን ሽታ ጠይቂያት እስቲ፤ የቤቱ ሽታ ነው፣ አታውቀውም። ሌሎቹ ልጆች እናታቸው ትቆጣቸዋለች፤ የእሷ እናት አትቆጣም፣ ሩቅ ናትና። የምቆጣው እኔ ነኝ። የወለደችው በሌለችበት ትወደዳለች፤ ያሳደገችው ተቀምጣም አትታይም።

ጁቪ ታሳይሽ። እይውና ደስ ይበልሽ።

ፔርላ

---

ሲንጋፖር፣ ኦገስት 15 ቀን 2010

ለውድ ታላቅ እህቴ ለማናንግ ፔርላ፣

እመቤታችን ዛሬ በበዓሏ ቀን ቤትሽን ትጎብኝልሽ። ለዶሚንግም፣ ለአይዛም ሰላምታዬ ይድረስ።

ጁቪ ብዙ ደከመች። ገለበጠችው፣ ሌላ ማጫወቻ ጫነች፣ የተከፈተውን ሁሉ ዘጋች። አልሆነም። እዚያው ክርኑ ላይ ተያዘ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላየሁም፤ ከእንግዲህም አልታገለውም። ካርዱን ልብሴ መሀል አስቀምጬዋለሁ።

የጻፍሽልኝን አምኛለሁ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ አልዋሽሽም። ሻማዬን ጠበቀችልኝ ብዬ ለጁቪ ነገርኳት፣ ሾርባዋን ለደፋችብኝ አሮጊትም ነገርኳት፤ እሷ እንኳ ቋንቋዬን አትሰማም። ዋል አደር ሲል ግን ድምፁ ተመለሰብኝ። ስትከለክልሽም «ናናይ» ብላ ነው የከለከለችሽ። እኔን ለመከልከል እንኳ የሚሆን ቃል የላትም። ሻማው ለእኔ ደረሰኝ፣ ቃሉ ለአንቺ። ብንለዋወጥ እሺ የምትዪ አይመስለኝም። እኔም እሺ ማለቴን እንጃ።

«ቲያ» ያልኩትን ተይው። ይቅር።

ለዲሴምበር ፈቃድ ሰጥተውኛል፤ ማኅተሙን በዓይኔ አይቻለሁ። ምን ይዤልሽ ልምጣ? ለራስሽ ማለቴ ነው፤ ለቤቱ ሳይሆን።

ደግሞ ያ ሰማያዊ ቀሚስሽ ከኋላ ጠርዙ ተተርትሯል። ወደ ወንበርሽ ስትመለሺ ተረከዝሽ ሊይዘው ምንም አልቀረው። አንድ ቀን ይጥልሻል፤ ስፊው።

ታናሽሽ ኔልዳ

---

ጊምባል፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2010

ለታናሽ እህቴ ለኔልዳ፣

ለማኅተሙ ቅዱስ ኒኮላስ ይመስገን፤ የእሱን በዓል ያከበርነው ሰሞኑን ነው፣ ስለ አንቺም ሻማ አቁሜያለሁ፣ የበራ ሻማ።

ደብዳቤሽን አንብቤ ቀሚሱን ከመስቀያው አወረድኩት። እውነትም ተተርትሯል። ሲዲው ላይ እንዳልነበረ ስለማውቅ ነገሩ ከነከነኝ። ዶሚንግ ካርዱን ከመላኬ በፊት ያለበትን ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ አስቀርቶት ነበር። ስለዚህ ማንም እቤት በሌለበት ልብሱን አወለቅሁት፤ ለጁቪ እንዳትነግሪያት። ከኋላው የወጣው አቧራ ትራስ ይሞላል። ሁለት የእንሽላሊት እንቁላልም ነበረበት። ጠርጌ፣ አስተንፍሼ ከፈትኩት።

ሄደ። ጭፈራው ላይ አሁንም ትንሽ ይደናቀፋል፤ ሻማው ላይ ግን እንደ ውሃ ሄደ። የተቀባሁት ቅባት ፊቴ ላይ ሲያበራ ይታያል። አይዛ እሳቱን እፍ ስትል ጭሱ በመካከላችን ሲያልፍ ይታያል። ከዚያ ያ በቅሎ ባሌ፣ ካሜራውን ልጅቱ ላይ መተው ሲገባው፣ እኔን ተከተለኝ። አታጥፋ ስላልሽው አላጠፋም። ጀርባዬን፣ የተተረተረውን ጠርዝ፣ ወንበሬን፣ ከተቀመጥኩ በኋላ ፈገግታው ሲጠፋ ሁሉ አነሣው። ለምን እንዲህ አደረግህ ብለው «ሌላ ማንን ልይ?» አለኝ።

ጠርዙ የሚታየው እዚያ ላይ ብቻ ነው ኔልዳ። በድምፅ አይሰማም። መዋሸት ከልጅነትሽም አትችዪበትም፤ ስኳር ሰርቀሽ አፍሽን ሳትጠርጊ ነበር የምትምዪው።

አይዛ መጥታ «ናናይ፣ ሠራ እንዴ?» ስትለኝ ዘጋሁት። «ምን ይሠራል፣ ተንገዳገደ» አልኳት። ልብሱንም መለስኩለት።

ቅናቱ አልወጣልኝም። የአንቺም እንዳልወጣልሽ አውቃለሁ፤ አብረን እንይዘዋለን። ለእኔ ምንም አታምጪ። ቀሚሱን ሰፍቼዋለሁ፣ ሻማው ቁምሳጥን ውስጥ ነው። ስታበሪው ካሜራውን እኔ ነኝ የምይዘው። ወደ ወንበርሽ ተመልሰሽ እስክትቀመጪ ድረስ አላጠፋውም።

ታላቅሽ ፔርላ